ላኪው የማሳ ጂፒኤስ አምጣ ካለህ እንዲህ አድርግ (ለቡና አቅራቢዎች)

ላኪው ደውሎ «የገበሬዎችህን ኮኦርዲኔት ላክልኝ» ብሎህ ግራ ከገባህ ብቻህን አይደለህም። ኮኦርዲኔት ማለት ማሳው ካርታ ላይ የት እንዳለ የሚያሳዩ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ነገሩ የመጣው ከአውሮፓ ህብረት የደን ህግ ነው፣ ከፈረንጆቹ 2020 መጨረሻ (በኛ ታህሳስ 22/2013) ወዲህ ደን ተመንጥሮ የተተከለ ቡና አናስገባም ነው የሚሉት። ህጉ የሚጀምርበት ቀን ሁለቴ ተራዝሞ አሁን ለትላልቅና መካከለኛ ገዢዎች ዲሴምበር 30/2026 ሆኗል። ይራዘማል እያልክ ከተኛህ ግን ያኔ የምትጭነው ቡና ከየት እንደተለቀመ ማን ይነግርሃል?

ማሳው ከ4 ሄክታር ካልበለጠ አንድ ነጥብ ይበቃል፣ ከበለጠ ዙሪያውን በእግር ዞረህ ፖሊጎን (የማሳውን ዙሪያ ቅርጽ) ታወጣለህ። የኛ ገበሬ አብዛኛው 4 ሄክታር አይደርስም ስለዚህ ስራው ቀላል ይመስላል፣ ግን አንድ ሰው ሶስት ቦታ ቡና ካለው ሶስት ነጥብ ነው።

እኔ የምጠቀመው ኮቦኮሌክት የሚባለውን የስልክ አፕ ነው፣ ነፃ ነው፣ ኔትወርክ ባይኖርም ስልክህ ላይ ይይዝልህና ከተማ ስትገባ ትልከዋለህ። ነጥብ ስትወስድ ስክሪኑ ላይ አኩሬሲ የሚለው ቁጥር (ነጥቡ ስንት ሜትር ሊስት እንደሚችል የሚያሳየው) 5 ሜትር አካባቢ እስኪወርድ ጠብቅ፣ ዋንዛ ስር ቆመህ ከሆነ 20 እና 30 ላይ ተገትሮ ይቀራል ስለዚህ እዛው ማሳ ውስጥ ገላጣ ቦታ ፈልግ። እና እባክህ ማሳው ድረስ ሂድ! ገበሬው ቤት ቁጭ ብሎ ቡና እየጠጡ ነጥብ መያዝ፣ ወይ ለሁሉም ገበሬ የማጠቢያ ጣቢያውን ነጥብ መስጠት ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው፣ ሁለት መቶ ገበሬ አንድ ነጥብ ላይ ተደራርቦ ሲታይ ገዢው ወዲያው ያውቃል።

የኮኦርዲኔቱ ቁጥር ከዴሲማል ነጥቡ በኋላ ስድስት አሃዝ ይኑረው፣ 7.673412 እንደሚለው። ሁለት አሃዝ ብቻ ከያዝክ ወደ 1 ኪሎሜትር ልትስት ትችላለህ፣ ኤክሴል ደግሞ መጨረሻ ላይ ያለችውን ዜሮ ስለሚበላት ኮለሙን ቴክስት አድርገው።

አሁን እኔ ጉድ የሆንኩበትን ልንገርህ። ላቲቲዩድና ሎንጊቲዩድ (የሰሜን-ደቡቡንና የምስራቅ-ምዕራቡን ቁጥር) አቀያይሬ ላኩና የጅማ ገበሬዎቼ በሙሉ አልጄሪያ፣ አናባ ከተማ አካባቢ ሜዲትራኒያን ዳር ወጡ 😂 ላኪው «ቡናው በባህር ነው እንዴ የሚበቅለው» ብሎ ሳቀብኝ። መለያው ቀላል ነው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ላቲቲዩድ ከ15 አይበልጥም፣ ሎንጊቲዩድ ሁሌም ከ32 በላይ ነው። ጂኦጄሰን በሚባለው የካርታ ፋይል ግን ሎንጊቲዩዱ ነው የሚቀድመው፣ እሱ ነው ሰውን የሚያሳስተው።

ሌላው ራስ ምታት ጥላው ነው። የኛ ቡና ዛፍ ስር ስለሆነ ከሳተላይት ሲታይ ደን ይመስላል፣ ስለዚህ ነጥቡን ስትወስድ የማሳውን ፎቶ፣ ቡናው የተተከለበትን ዓመትና የይዞታ ደብተሩን ፎቶ አብረህ ያዝ። አውሮፓውያኑ ራሳቸው ያወጡት የ2020 የደን ካርታ አስገዳጅ ስላልሆነ «ካርታው ደን ይላል» ተብሎ ብቻ ነገሩ አያልቅም፣ ማስረጃ ካለህ ትከራከራለህ።

ገበሬው ግብር ሊጨመርብኝ ነው ወይ መሬቴን ሊወስዱ ነው ብሎ ይፈራል፣ አይፈረድበትም፣ ሜትር ይዞ የመጣ ሰው መቼ ደግ ነገር ይዞ መጥቶ ያውቃል። መጀመሪያ ለምን እንደሆነና መረጃው ለማን እንደሚሄድ አስረዳው፣ እምቢ ካለ ተወው፣ ቡናውን ግን ለብቻው አስቀምጠው። ምክንያቱም ነጥብ ያለውን ከሌለው ጋር ከቀላቀልክ ሎቱ (አብሮ የሚጫነው ቡና) በሙሉ ነው የሚበላሸው። እሸት (ቀይ የቡና ፍሬ) ስትረከብ ደረሰኙ ላይ የገበሬውን ኮድ ጻፍ፣ ኮዱ እስከ ጆንያው ድረስ ይከተል።

ማታ ደግሞ ሂሳብ ምታ፣ ወደ 6 ኪሎ እሸት 1 ኪሎ ጥሬ ቡና ነው የሚወጣው፣ ሩብ ሄክታር ያለው ሰው 60 ኩንታል እሸት (10 ኩንታል ጥሬ ቡና መሆኑ ነው፣ ለሩብ ሄክታር በጣም ብዙ ነው) አስረከበ የሚል መዝገብ ካየህ የጎረቤቱን ቡና በስሙ እያስገባ ነው ማለት ነው፣ ሂድና የጎረቤቱንም ነጥብ ውሰድ።