ፓውዛው ይደርሳል፦ ፒክአፕን ለወሎ መንገድ ማዘጋጀት

መኪናዬ ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ናት። ሞተሯ 5ኤል ነው፤ 2,986 ሲሲ፣ ናፍጣ፣ ቱርቦ የሌለው። የምኖረው ደሴ ነው። ሥራዬ የእንስሳት መድኃኒት ማከፋፈል ስለሆነ ሳምንቱን ኩታበር፣ ተንታ፣ ደላንታ፣ ወረኢሉ ስል እከርማለሁ። በዓል ሲመጣ ያቺው መኪና ቤተሰቤን ጭና ሐይቅ ወይ ላሊበላ ትሄዳለች። መስከረም 21 ደግሞ ግሸን አትቀርም።

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት ሸዋ በር ላይ አስቆመኝ። "ጋሼ፣ እኔም ፒክአፕ ገዛሁ፤ ከምን ልጀምር?" አለኝ። መኪናውን ዞሬ አየሁለት። ከገዛ ሳምንቱ ነው፤ ጣሪያው ላይ አራት ፓውዛ ሰቅሏል። ጎማዎቹ ግን ራሰ በራ ሆነዋል። ሳቄን ዋጥኩት፤ እኔም የጀመርኩት እንደሱ ነው። የመጀመሪያ ብሬን ያፈሰስኩት ከወፍራም ብረት በተበየደ ግዙፍ የፊት ፓራውልት ላይ ነበር። ያምራል፣ አልዋሽም። ግን መኪናዋ አፍንጫዋን ደፍታ የምትሄድ ሆነች፣ ዳገት ላይም ታቃስት ጀመር። በወሩ አስፈታሁት። ዛሬ የዶሮ ቤታችን በር መቃን ነው። ባለቤቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር "ውዱ በራችን" እያለች ታስጎበኘዋለች።

ልጁን ያልኩትን እዚህም ልድገመው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል በወጣ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 ከመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ይሳሳበታልና። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ገና ከቤት ሳልወጣ ሩብ ያህሉ ጉልበት የለም ማለት ነው። ጉጉፍቱ ስወጣማ አልናገርም። ስለዚህ መኪናው ላይ የምትጨምሩት እያንዳንዱ ኪሎ እዚህ አገር ዋጋው ድርብ ነው። አንድ ነገር ከማስበየዳችሁ በፊት "ስንት ኪሎ ነው?" በሉ። ዋጋውን ቀጥላችሁ ጠይቁ።

ጎማ

ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ጎማ ግዙ። ከኮምቦልቻ ሀረጎን ይዛችሁ ደሴ ስትወጡ አስፋልት ነው፤ ክረምት ላይ ጉም ይለብሳል፣ መንገዱም ሳሙና ይሆናል። ከዋናው መንገድ ስትገነጠሉ ስለታም ጠጠር ይቀበላችኋል። ደላንታና ጃማ ሜዳ ላይ ደግሞ ዋልካ አለ። ጥርሱ ትልልቅ የሆነው የጭቃ ጎማ ለዋልካው ጥሩ ነው፤ እርጥብ አስፋልት ላይ ግን ያንሸራትታል፣ ጩኸቱም ጆሮ ይበሳል። እኔ የምመርጠው መካከለኛውን ነው፤ ሻጮቹ ኦል ቴሬን ይሉታል። ዋልካ ላይ ለብቻው አያድንም። ለዚያ ቀን ሰንሰለት እይዛለሁ።

ስትገዙ ጎኑ ላይ ያለውን አራት አሃዝ ቁጥር አንብቡ። 2319 ካለ በፈረንጆች 2019፣ 23ኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ነው። ሱቅ ውስጥ ዓመታት የተቀመጠ ጎማ አዲስ ይመስላል፤ ላስቲኩ ግን ደርቋል። ከስድስት ዓመት ያለፈውን በነፃም ቢሰጡኝ አልወስድም። ቁመቱንም አታጋንኑ። ጎማው 10 ከመቶ ቢያድግ ጌጁ 100 ሲላችሁ በእውነት የምትነዱት በ110 ነው። ሞተሩም አንድ ማርሽ የተነጠቀ ያህል ይዳከማል።

ከሁሉም የሚበልጠው ማሻሻያ ዋጋው ትንሽ ነው፤ የንፋስ መለኪያና ከባትሪ የምትሠራ ትንሽ መንፊያ። አስፋልት ላይ 35 ፒኤስአይ እይዛለሁ፤ በባር ለሚነግራችሁ ጎሚስታ 2.4 ገደማ ነው። ጠጠር ላይ ወደ 26 አወርዳለሁ፤ መኪናው መዝለሉን ይተዋል፣ ጎማውም ድንጋዩን ያቅፈዋል። ጭቃ ላይ እስከ 18 ወይም 20። ይህን የምታደርጉት ቀስ ብላችሁ ለመንዳት ነው። አስፋልት ስትደርሱ ሳትነፉ ከሮጣችሁ ጎማው ይግላል፣ ይፈነዳልም።

ባሌስትራና ቁመት

ለኋላ አንድ ተጨማሪ ባሌስትራ፣ ማለትም ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት፣ ማስገባት የተለመደ ነው። ሁልጊዜ ጭነት ካላችሁ ይጠቅማል። ባዶውን የሚሄድ መኪና ላይ ግን ኋላው እንጨት ይሆናል፤ ኮረኮንች ላይ ጎማው መሬት ስለማይነካ ዳገት ላይ እየተሽከረከረ ይቀራል። እኔ ሁለት አስጨምሬ አንዱን አስወጣሁ።

ከፍታ ከ5 ሴንቲሜትር አይለፍ። ከዚያ በላይ ስትወጡ ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ ማዕዘኑ ይበላሻል፣ መገጣጠሚያው ላይ ያለው መስቀለኛ ቶሎ ያልቃል። መኪናው ኩርባ ላይም ይወዛወዛል። ጎረቤቴ 12 ሴንቲሜትር አስነስቶ ነበር። እናቱ መውጣት አቅቷቸው በርጩማ ይዘው ይጓዙ ነበር።

ሾክ ስትቀይሩ አራቱንም አንድ ላይ ቀይሩ። በሌላው አላደክማችሁም።

ቁልቁለት፣ ፍሬን፣ ሙቀት

አጼ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን መድፋቸውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቶባቸዋል። መንገዱን እየሠሩ ነበር የሚሄዱት፤ የጂዳንና የበሽሎን ገደል መውረድና መውጣት ነበረባቸው። በሽሎን ቁልቁል ስወርድ ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል። ለማውጣት ብዙ ሰው ይጎትታል፤ ሲወርድ ግን ማን ይይዘዋል?

እኛን የሚይዘን ማርሹ ነው። ጠጠር ቁልቁለት ላይ ትንሿን ማንሻ 4ኤል ላይ (አራቱም ጎማ በዝግታና በጉልበት የሚዞርበት) አድርጉና በሁለተኛ ማርሽ ውረዱ። እግራችሁ ፍሬን ላይ ሳያርፍ መኪናው ራሱን ይይዛል። አስፋልት ላይ ግን 4 ውስጥ አታስገቡ። የዚህ ዓይነት መኪና የፊትና የኋላ ዘንግ እኩል ስለሚዞር፣ ደረቅ መንገድ ላይ ኩርባ ሲመጣ ማርሹ ይጨናነቃል፣ ይሰበራልም።

የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። እርጥበት ይጠጣል፤ ውሃ የጠጣ ዘይት ረጅም ቁልቁለት ላይ ይፈላና ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል። ይህን አንድ ጊዜ ሀረጎ ላይ ቀምሻለሁ። አንድ ጋራዥ "ቀይረነዋል" ብሎ አስከፍሎኝ ነበር፤ ኋላ ሲከፈት ጥቁር ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ሲቀየር አጠገባቸው እቆማለሁ።

ዳገት ላይ የምትሞቅ መኪና ካለቻችሁ ራዲያተር ከመግዛታችሁ በፊት ክዳኑን ቀይሩ። ደሴ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ላስቲኩ ከደረቀ ግፊቱ ያመልጣል። እኔ ለወራት ስጨነቅበት የኖርኩት መፍላት በአንድ ክዳን ዳነ። ሲሞቅ ግን አትክፈቱት።

ወንዝ

ስኖርክል፣ ሞተሩ አየር የሚስብበት ወደ ጣሪያ የሚወጣ ቱቦ፣ ያምራል፤ ወሎ ውስጥ የሚጠቅመው ግን ከውሃ ይልቅ ለአቧራ ነው። ለወንዝ መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ ማንም የማያየው ነገር ነው። ዲፈረንሻሉ ላይ አንዲት ትንሽ መተንፈሻ አለች። ስትነዱ ዲፈረንሻሉ ይግላል። ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃ ይስባል። ዘይቱ ሻይ በወተት ይመስላል፤ ጥርሱም ይበላል። መፍትሔው ዘይት የማይበላው የላስቲክ ቱቦ ነው። ከመተንፈሻው ጋር አገናኝታችሁ ሞተር ክፍል ድረስ ወደ ላይ አውጡት፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ፊልትሮ አድርጉ። ለፊቱም ለኋላውም ይሠራ። ሥራው ግማሽ ቀን አይፈጅም።

ከዚያ በኋላም ቢሆን በእግራችሁ ሳትገቡ በመኪና አትግቡ። ውሃው ከጎማው እምብርት ካለፈ እኔ እጠብቃለሁ። ሞተሩ ውሃ ከሳበ ፒስተኑን የሚይዘው ክንድ፣ ቢዬላው፣ ይጎብጣል፤ ውሃ እንደ አየር አይታመቅም። ቆቦ ሜዳ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ሆርማትና ጎሊና ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደራሽ ይመጣል፤ የዘነበው ላይ ተራራው ላይ ነው። ደረቅ አሸዋ ነው ብላችሁ መሐሉ ላይ ቆማችሁ ፎቶ አትነሱ።

መውጫ ዕቃ

አሁን የኔን ውርደት ልንገራችሁ። ደላንታ፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ዋልካ። ማንሻዋን 4 ላይ አድርጌ ቤንዚን እንደጠጣ ሰው እረግጣለሁ። መኪናዋ ቂጧን እየቆፈረች ትሰምጣለች። አንድ በሬ የሚነዱ አባት ቆመው አዩኝ። "ልጄ፣ የፊቱ እኮ አይዞርም" አሉኝ። ወርጄ አየሁ። የፊት ጎማዎቹን ከዘንጋቸው ጋር የሚያያይዘውን መቆለፊያ አላዞርኩትም ነበር። "አብሽር፣ ለሁሉም ይደርሳል" ብለው አጽናኑኝ። መቆለፊያውን አዙሬ፣ ንፋስ ቀንሼ፣ ከሥር ድንጋይ ገጥግጠን ወጣሁ። አሮጌ መኪና ካላችሁ፣ የእጅ መቆለፊያ ያለው ከሆነ፣ ጠጠር ስትጀምሩ ቆልፉት። ጭቃ ውስጥ ገብቶ ማዞር ጭቃ መብላት ነው።

የምይዘው ይኸው ነው፦ አካፋ፣ ክሪክ፣ ክሪኩ እንዳይሰምጥ ወፍራም የጣውላ ቁራጭ፣ ሰንሰለት፣ ወፍራም የናይለን ገመድ። ካቮ (የብረት ገመድ) አልወድም፤ ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ተመልሶ ይመጣል፣ ሰው ይቆርጣል። ገመዱ የሚታሰርበት መንጠቆ ከሻንሲው ጋር በብሎን የታሰረ ይሁን፤ ፓራውልት ላይ አትሰሩ። ሲጎተት ልጆች ይሰበሰባሉ። ከገመዱ ርዝመት በላይ አርቋቸው።

የጭነቱ ክፍል

ባለቤቴ ድንኳን አትወድም። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ በያጅ ዘንድ ሄድኩና "የኔ አባት፣ ቀለል ያለ ቤት ይሥሩልኝ" አልኳቸው። ቋሚው ከቀጭን ቱቦላሬ፣ ጣሪያው ከስስ ላሜራ፣ ጎኑ ተጠቅላይ ሸራ። ውስጡ በኮምፔርሳቶ መሳቢያ ሁለት፤ ከላዩ ፍራሽ። የደብል ጋቢና ጭነት ክፍል 1.5 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ እግር ይተርፋል። የኋላውን ስፖንዳ አውርደን የሚታጠፍ ጣውላ አስደገፍንበት፤ ተፈታ። ሁሉም በአራት ብሎን ይነሳል። የመኪናውን ቅርጽ በቋሚነት የሚቀይር ነገር የምታስበይዱ ከሆነ ግን ቦሎ ስትወስዱ ጣጣ እንዳይመጣ አስቀድማችሁ መንገድ ትራንስፖርት ጠይቁ።

ከባዱ ዕቃ ወደ ጋቢናው ተጠግቶ፣ ወለሉ ላይ ይቀመጥ። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። ፖርቶመጋላ ላይ ብርድ ልብስና ቀለል ያለ ነገር ብቻ። ናፍጣን በጀሪካን መቅዳት ብዙ ቦታ ስለማይፈቀድ ጋኑን ደሴ ሞልቼ እወጣለሁ። መንገዱ ሰላም መሆኑንም ከዚያው ከመጣ ሹፌር ጠይቄ ነው የምነሳው።

ፓውዛው? እሺ፣ ደረሰ። ሁለት ይበቃል። 60 ዋት ሁለት ማለት 10 አምፔር ነው፤ 15 አምፔር ፊውዝ ከባትሪው አጠገብ፣ በመሐል ሪሌ (ትልቁን ኃይል በትንሽ ማብሪያ የሚያገናኝ)። ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ነጭ መብራት ጉም ውስጥ ግድግዳ ይሆናል፤ የሚታየው የራሳችሁ ብርሃን ብቻ ነው። ዝቅ አድርጋችሁ ፓራውልቱ ላይ እሰሩት። ከፊት መኪና ሲመጣ አጥፉት እንጂ!

ባሌስትራ ካስቀየራችሁ ደግሞ ባሌስትራውን የሚያስሩት ዩ-ቦልቶች ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይጥበቁ። አዲስ ብረት ይቀመጣል፣ ይላላልም። እኔ ይህን የተማርኩት ከኩታበር ወዲያ ከኋላ "ቋ፣ ቋ" የሚል ድምፅ ሰምቼ ነው። ልጄ "አባዬ፣ ጀበናዋ ናት" አለችኝ። አምኜያት ሌላ 20 ኪሎ ሜትር ነዳሁ። ጀበናዋ አልነበረችም። አሁን ጀበናዋን በፎጣ ጠቅልለን እናስቀምጣታለን፤ ሲንኳኳ ምን እንደሆነ እንድናውቅ።