የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሲገዙ ያለቀውን ስትሪፕ ይያዙ

የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስዱ ሁሉ፣ ፒያሳም ሆነ ቸርችል ጎዳና ካሉ መድኃኒት ቤቶች የወሩን ስትገዙ ከማዘዣው ጋር ያለቀውን የክኒን ስትሪፕ ይዛችሁ ሂዱ፤ ማዘዣው ላይ ብዙ ጊዜ የመድኃኒቱ ስምና ሚሊግራሙ ብቻ ሲጻፍ፣ ስትሪፑ ግን አምራቹንም ጭምር ያሳያል። በመቀስ ተቆርጦ የተሸጠ ከሆነ ጽሑፍ ያለበትን ጫፍ አትጣሉት። በተለይ ፌኒቶይን በተባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ላይ ይህ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም፤ አምራች ሲለወጥ በደም ውስጥ ያለው መጠን ሊለዋወጥ ስለሚችል፣ ጥቂት ከፍ ሲል ማዞር፣ ነገርን ሁለት አድርጎ ማየትና መንገዳገድ ሊያመጣ፣ ዝቅ ሲል ደግሞ ሕመሙ ሊነሣ ይችላል። የለመዳችሁት ከጠፋ ግን ፍለጋ ላይ ሳላችሁ አንድም ጊዜ ሳትወስዱ አትደሩ፤ በድንገት ማቋረጥ የባሰ አደጋ ስላለው፣ ያንኑ መድኃኒት በዚያው መጠን ከሌላ አምራች ወስዳችሁ ለሐኪማችሁ ወዲያው አሳውቁ።