ጎልፍ ለጀማሪ፦ ኳሷን ለማንሳት አትታገሉ

ጎልፍ የጀመረ ሰው ሁለት ነገር ግራ ያጋባዋል። አንደኛው አጠገቡ ያሉት ተጫዋቾች የሚለዋወጧቸው ቃላት ናቸው። ሌላው፣ መሬት ላይ ዝም ብላ የተቀመጠች ኳስ እንዴት ትሳታለች የሚለው ነው። ቃላቱ በግማሽ ቀን ይለመዳሉ። የምታስቸግረው ኳሷ ናት። ብዙ ጀማሪ ጥፋቱን የሚፈልገው አመታቱ ላይ ነው። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዱላው ገና ሳይነሳ፣ አያያዝና አቋቋም ላይ ይጀምራል።

1. ሜዳውን እወቁ

ሙሉ ጨዋታ 18 ሆል ነው። ሆል ሲባል ኳሷ የምትገባበት ጉድጓድም፣ ከመነሻው እስከ ጉድጓዱ ያለው ሜዳም ነው። መነሻው ቲ ይባላል፤ ኳሷን ከፍ አድርጎ የሚይዘው ትንሽ ችካልም ቲ ነው። ሣሩ አጠር ብሎ የታጨደው መሃሉ ፌርዌይ፣ ዳርና ዳሩ ያለው ረዘም ያለ ሣር ራፍ ነው። አሸዋ ያለበት ጎድጓዳ ቦታ በንከር ይባላል። መጨረሻ ላይ ሣሩ ከሥሩ የተላጨው ግሪን ነው። ጉድጓዱ ያለው እዚያ ነው፤ ስፋቱ 108 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ከሩቅ የሚታየው ባንዲራው ነው።

2. ቆጠራውን ልመዱ

ፓር ማለት ጎበዝ ተጫዋች አንድን ሆል ይጨርስበታል ተብሎ የሚጠበቀው የምት ብዛት ነው። ብዙውን ጊዜ 3፣ 4 ወይም 5 ነው። ከፓር አንድ ካነሰ በርዲ፣ ሁለት ካነሰ ኢግል። አንድ ከበለጠ ቦጊ፣ ሁለት ከበለጠ ደብል ቦጊ። ፓር 4 የሆነውን በ6 ከጨረሳችሁ ደብል ቦጊ ነው፤ ለጀማሪ ምንም አያሳፍርም። ኳሷን ለመምታት ሰንዝራችሁ አየር ብትመቱም ምት ተብሎ ይቆጠራል። አዎ፣ ያናድዳል።

ሀንዲካፕ የችሎታ ልዩነትን የሚያካክስ ቁጥር ነው፤ ጣሪያው 54 ነው። «ፎር!» ማለት «ኳስ እየመጣ ነው፣ ተጠንቀቁ» ነው፤ ይህን ጩኸት ከሰማችሁ ማን እንደጮኸ ለማየት ቀና አትበሉ። ጭንቅላታችሁን በክንዳችሁ ሸፍናችሁ ጎንበስ በሉ። የእናንተ ኳስ ወደ ሰው ከሄደችም ሳታፍሩ ጩኹ።

3. ዱላ ምረጡ

ሕጉ እስከ 14 ዱላ ይፈቅዳል። ጀማሪ ያን ያህል አያስፈልገውም። ድራይቨር ለረጅም ምት፣ አይረን ለመካከለኛ ርቀት፣ ዌጅ ለአጭርና ለአሸዋ፣ ፓተር ግሪን ላይ ለማንከባለል ነው። አይረን ላይ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን የዱላው ፊት ይበልጥ ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ኳሷም ከፍ ብላ ትበራለች፣ ርቀቷ ግን ያጥራል። ከፓተር ውጭ ያለውን ልምምድ በ7 አይረን ጀምሩ። ድራይቨር ያጓጓል፣ ግን ይቆይ።

4. አያያዝና አቋቋም

የምገልጸው ለቀኝ እጅ ተጫዋች ነው፤ ግራኝ የሆነ ገልብጦ ያንብበው። ዱላውን በግራ እጃችሁ ስትይዙ በመዳፍ ሳይሆን በጣቶቻችሁ ሥር ይረፍ። ወደ ታች ስታዩ የግራ እጃችሁ ሁለት ወይም ሦስት የጣት አንጓዎች መታየት አለባቸው። አንድ ብቻ ከታየ እጃችሁን ትንሽ ወደ ቀኝ አዙሩ። ቀኝ እጃችሁን ከሥሩ አስከትሉ። አጥብቃችሁ አትጨብጡ፤ ክንዳችሁ ከተገተረ አበዛችሁት።

እግራችሁን በትከሻችሁ ስፋት ክፈቱ። ጎንበስ የምትሉት ከዳሌ ነው፣ ጀርባ በማጉበጥ አይደለም። ለ7 አይረን ኳሷ በሁለቱ እግሮች መሃል ትሁን፤ ለድራይቨር ደግሞ በግራ ተረከዛችሁ አንጻር።

አሁን ሌላ ዱላ በጫማችሁ ጫፍ መሬት ላይ አስተኙና ከኋላ ሆናችሁ እዩት። ወደ ኢላማው ያያል ብላችሁ የምትምሉበት አቋም ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ እያመለከተ ታገኙታላችሁ። የእግራችሁ መስመር ኳሷ ከምትሄድበት መስመር ጎን ለጎን መሄድ አለበት።

5. ኳሷን ከላይ መምታትና መሬት መቆፈር

ጀማሪ ኳሷ እንድትነሳለት ከሥሯ ሊያነሳት ይሞክራል። ክብደቱ ቀኝ እግሩ ላይ ይቀራል፣ ደረቱ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ክንዱ ይሰበሰባል። ዱላው የኳሷን አናት ይመታና ኳሷ መሬት ለመሬት ትንከባለላለች። አንዳንዴ ደግሞ ያው ክብደት ኋላ በመቅረቱ ዱላው ከኳሷ በፊት መሬት ይመታል። ሁለቱ ተቃራኒ ይመስላሉ፣ ምንጫቸው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው።

ኳሷን የሚያነሳት የዱላው ዘንበል ያለ ፊት ነው። እናንተ አታንሷት። ሁሉም ሰው «ቀና ስላልክ ነው» ይላል። እኔ በዚህ ምክር ብዙም አላምንም፤ ጭንቅላቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ሰውነቱ ስለተነሳ ነው።

መፍትሔው ያለ ኳስ ይጀምራል። ሣሩ ላይ አንድ መስመር አስምሩና መስመሩ በሁለቱ እግሮቻችሁ መሃል እንዲያልፍ ሆናችሁ ቁሙ። ዱላው ሣሩን የሚነካው መስመሩ ላይ ወይም ትንሽ አልፎ፣ በኢላማው በኩል መሆን አለበት። ከመስመሩ በፊት እየነካ ከሆነ ክብደታችሁ ወደ ግራ እግር አልተሻገረም። ይህ ሳይስተካከል ኳስ ማስቀመጥ ትርፉ ድካም ነው።

6. ስላይስ

ኳሷ ወደ ቀኝ የምትጠመዘዝበት ይህ ምት የጀማሪ ሁሉ ራስ ምታት ነው። ምክንያቱ፣ ኳሷ በምትመታበት ቅጽበት የዱላው ፊት ዱላው ከሚሄድበት መስመር አንጻር ወደ ቀኝ መከፈቱ ነው። ኳሷ በአብዛኛው ፊቱ ባየበት አቅጣጫ ትነሳና ከዚያ ትታጠፋለች።

ብዙ ሰው ኳሷ ወደ ቀኝ ስትሄድበት ወደ ግራ ዞሮ ይቆማል። ያኔ የዱላው መንገድ ይበልጥ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ፊቱ ግን ባለበት ይቀራል። ልዩነቱ ሰፍቶ ጥምዘዛው ይብሳል።

መጀመሪያ ወደ አንጓዎቻችሁ ተመለሱ። አያያዙ ደህና ከሆነ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ትከሻ ነው። ዱላው መውረድ ሲጀምር ቀኝ ትከሻ ወደ ፊት ከቀደመ ዱላው ከውጭ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ባዶ ካርቶን ከኳሷ ወዲያ ማዶ፣ ከኢላማው በተቃራኒው በኩል ትንሽ ወደ ኋላ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ትከሻችሁ ከቀደመ ካርቶኑን ትመቱታላችሁ። ዳሌያችሁ ቀድሞ ሲዞርና ክንዳችሁ ሲከተል ዱላው ካርቶኑን ሳይነካ ያልፋል።

ኳሷ ወደ ግራ ከተጠመዘዘች ሁክ ይባላል፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

7. ጉልበቱን ቀንሱ

ከጉልበታችሁ ሩቡን ተዉት። ኳሷ መሬት እስክትነካ ድረስ ግራ እግራችሁ ላይ ሳትንገዳገዱ መቆም ካልቻላችሁ አሁንም በዝቷል። ልምምዱን ከፓተር ጀምራችሁ፣ ዱላውን እስከ ወገብ ብቻ ወደምታነሱበት ምት፣ ከዚያ ወደ ሙሉው ስዊንግ (ሙሉ የዱላ ውንጨፋ) ተሻገሩ።

በየተወሰነ ጊዜ በስልካችሁ ራሳችሁን ቅረጹ፤ ስልኩ በእጃችሁ ከፍታ ይሁን። አንዴ ከኋላ በኢላማው መስመር፣ አንዴ ፊት ለፊት። ከኋላ የተቀረጸው የዱላውን መንገድ፣ ከፊት የተቀረጸው ክብደታችሁ የት እንዳለ ያሳያችኋል።