የእጅ ፓምፕ ጉድጓድን ውሃ ለመጠጥ ብቁ አድርጎ ስለ ማቆየት

«ጥሩ» እና «የጠራ» የአንድ ሥር ቃላት ናቸው፤ ከጉድጓድ የተቀዳ ውሃ ግን በብርጭቆ ውስጥ ጠርቶ እየታየ ከሰገራ የመጣ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። ይህ ጽሑፍ በኢትዮጵያ ገጠር በእጅ የተቆፈረና ፓምፕ የተገጠመለት ጉድጓድ ለሚያስተዳድሩ የውሃ ኮሚቴዎችና ለፓምፕ ጠባቂዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ አብዛኛው በግንብ ተከልሎ ለጎለበተ ምንጭም ያገለግላል።

ሥራው የሚጀምረው ከላቦራቶሪ ሳይሆን ከጉድጓዱ አፍ ነው። በወር አንድ ጊዜ ሁለት የኮሚቴ አባላት ደብተር ይዘው ዙሪያውን ይመልከቱ። የሲሚንቶው ወለል ተሰንጥቋል ወይ? ፓምፑ ከመሠረቱ ላልቶ ይነቃነቃል ወይ? የፈሰሰው ውሃ በቦዩ ርቆ ይሄዳል ወይስ እዚያው ተኝቶ ጭቃ ይሠራል? አጥሩ ፈርሶ ከብቶች እስከ ፓምፑ ይደርሳሉ ወይ? በ30 ሜትር ክልል ውስጥ፣ በተለይም ከጉድጓዱ በላይ ባለው ተዳፋት በኩል፣ መጸዳጃ ቤት ወይም የፍግ ክምር አለ ወይ? ይህ 30 ሜትር የተለመደ መነሻ እንጂ ዋስትና አይደለም፤ መሬቱ የተሰነጣጠቀ ድንጋይ ከሆነ ብክለቱ ከዚያ ርቆ ሊጓዝ ይችላል። እንደ እኔ እምነት፣ ስንጥቁን በሲሚንቶ መድፈን ስንጥቁ ሳይደፈን ከሚደጋገም የክሎሪን እጥበት ይበልጣል፤ ክሎሪኑ ያጸዳውን ጉድጓድ ቀጣዩ ዝናብ በዚያው ስንጥቅ በኩል መልሶ ይበክለዋልና።

ናሙና የሚወሰድበት ጊዜም ሊታሰብበት ይገባል። በጥር የተወሰደ ናሙና ንጹሕ ሆኖ መገኘቱ በሐምሌ ስለሚጠጣው ውሃ ብዙ አይናገርም፤ የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ በመሬቱ ላይ የከረመውን ሁሉ ጠርጎ የሚያስገባበት ወቅት ነውና፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ማስመርመር የሚቻል ከሆነ አንዱ የግድ በክረምቱ መካከል ይሁን። ለባክቴሪያ ምርመራ ከላቦራቶሪ የተሰጠ ንጹሕ ጠርሙስ ብቻ ይጠቀሙ። የፓምፑን አፍ ጠርገው በእሳት ነበልባል ካቃጠሉ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ውሃ ያፍስሱ፤ ከዚያም የክዳኑንም ሆነ የጠርሙሱን ውስጠኛ ክፍል ሳይነኩ፣ ከላይ ትንሽ ባዶ ቦታ ትተው ይሙሉ። ጠርሙሱ በበረዶ መያዣ ሣጥን ውስጥ፣ ከብርሃን ተጠብቆ፣ ቢቻል በ6 ሰዓት ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ ከ24 ሰዓት ሳያልፍ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት።

ውጤቱ ሲመጣ በመጀመሪያ የሚታየው ሰገራ ወደ ውሃው መግባቱን የሚጠቁመው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ነው። በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድም መገኘት የለበትም። ከፍግ፣ ከሰገራና ከማዳበሪያ የሚመጣው ናይትሬት ከ50፣ ከድንጋይ ወደ ውሃ የሚሟሟው ፍሎራይድ ደግሞ ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር እንዳይበልጥ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል።

ባክቴሪያ ከተገኘና ስንጥቁ ከተጠገነ ጉድጓዱ በክሎሪን ይታጠባል። ስፋቱ 1.2 ሜትር፣ የውሃው ጥልቀት 3 ሜትር የሆነን ጉድጓድ እንውሰድ። የስፋቱ ግማሽ 0.6 ነው፤ 0.6 በ0.6፣ ከዚያም በ3.14 እና በ3 ሲባዛ 3.4 ሜትር ኩብ ገደማ፣ ማለትም 3,400 ሊትር ይሆናል። በሊትር 50 ሚሊ ግራም ክሎሪን እንዲደርሰው 170 ግራም ንጹሕ ክሎሪን ያስፈልጋል፤ በእጅ ያለው የክሎሪን ዱቄት 70 በመቶ ጥንካሬ ካለው 170 ለ0.7 ተካፍሎ ወደ 245 ግራም ይመጣል። ዱቄቱ በሁለት የፕላስቲክ ባልዲ ውሃ ይበጠበጣል። ሁልጊዜ ዱቄቱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው በዱቄቱ ላይ አይፈስም፤ ጓንትና መነጽር ማድረግ፣ ሥራውንም ነፋሻ ቦታ ላይ መሥራት ግድ ነው። ዝቃጩ ሲረጋ ከላይ የጠራው የክሎሪን ውሃ ወደ ጉድጓዱ ይገለበጣል፤ የክሎሪን ሽታ እስኪመጣም ፓምፑ ይመታል። ከዚያ እጀታው ታስሮ ቢያንስ 12 ሰዓት ይቆያል። ማንም እንዳይቀዳ ሰው ማቆም ከማስታወቂያ የተሻለ ነው፣ ሌሊት የሚመጡ ቀጂዎች አሉና። በመጨረሻም ቀሪው ክሎሪን ከ0.5 ሚሊ ግራም በሊትር በታች እስኪወርድ ውሃው ከወንዝና ከአዝርዕት ርቆ ይፈሳል። ከሳምንት ገደማ በኋላ እንደገና ናሙና ይወሰዳል፤ ባክቴሪያ ተመልሶ ከታየ ምንጩ አልተዘጋም ማለት ነውና ክሎሪን ከመድገም በፊት ወደ ጉድጓዱ አፍ ይመለሱ።

በስምጥ ሸለቆ ለሚገኙ አንባቢዎች አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ፍሎራይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ክሎሪን አያጠፋውም፤ ማፍላትም አይቀንሰውም፣ እንዲያውም ውሃው በተነነ መጠን ይበረታል። የልጆች ጥርስ ቡናማ ነጠብጣብ ማውጣቱ ቀድመው ከሚታዩ ምልክቶች አንዱ ሲሆን ለዓመታት ሲጠጣ አጥንትን ይጎዳል። አዲስ ጉድጓድ ሲቆፈር ፓምፕ ከመገጠሙ በፊት ፍሎራይዱ ይለካ፤ ከፍ ያለ ከሆነ ለመጠጥ ሌላ ምንጭ መፈለግ፣ ካልተገኘም በአጥንት ከሰል ወይም አሉም በተባለው ውሃ አጥሪ ጨውና በኖራ ስለሚሠራ ማጣሪያ ከወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ጋር መነጋገር ይሻላል።

ሕጉን በተመለከተ፣ አዋጅ ቁጥር 197/1992 በእጅ ለተቆፈረ ጉድጓድ ፈቃድ አይጠይቅም። ይህ ግን ከጥራት ግዴታ ነጻ መሆን አይደለም፤ የመጠጥ ውሃ አስገዳጅ የኢትዮጵያ ደረጃ አለው። ስለዚህ ኮሚቴው የቅኝቱን ቀን፣ የተጠገነውን፣ የተጨመረውን ክሎሪን መጠንና የምርመራውን ውጤት በአንድ ደብተር ይመዝግብ፤ ሊቀመንበር ሲቀየርም ደብተሩ በፊርማ ይረከብ።

መጥፎ ውጤት በመጣበት ቀን፣ ነገ ሳይባል፣ ለወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤትና ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ይነገር፤ ለተጠቃሚውም በእድርና በየአምልኮ ቦታው ይድረሰው። የባክቴሪያ ከሆነ ውሃው እየተንተከተከ እንዲፈላ፣ በደጋ ሦስት ደቂቃ እንዲቆይ፣ ከዚያም በተከደነ ጀሪካን እንዲቀመጥ ይነገራል። የናይትሬት ከሆነ ግን ማፍላት አይረዳም፤ በዚያ ውሃ የጨቅላ ሕፃን ምግብ እንዳይዘጋጅ እናቶች በዚያው ዕለት ሊያውቁ ይገባል።