ጥቁሩ ውሻ ግራጫ፣ ጉሙም እጣቢ መስሎ ለሚወጣባችሁ የደሴ ጀማሪ ፎቶ አንሺዎች

ፎቶ ለመልመድ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ቤት ውስጥ ድመት ካለች፣ በሩ ሲከፈትም የጦሳ ተራራ ከታየ፣ ለዓመት የሚበቃ መልመጃ አለ። የሰፈሬ ልጆች ስልካቸውን ይዘው ሲመጡ ደጋግመው የሚያሳዩኝ ችግሮች እነዚህ ናቸው።

ጥቁር ውሻ ግራጫ፣ ነጭ ድመት አመድማ ይሆናሉ

ብዙዎች የሚቸገሩበት ይህ ስለሆነ ረዘም ላድርገው። ካሜራ ውሻን ከጉም አይለይም፤ የሚለካው ብርሃን ብቻ ነው። ፊቱ ያለው ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ፣ ማለትም ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ ነው ብሎ ይነሳል። ጥቁር ውሻ ፍሬሙን ሲሞላው ጨለማ ይመስለውና ያደምቀዋል። ነጭ ድመት ሲያይ ደግሞ ብርሃን በዛ ብሎ ያጨልማል።

የጉሙም ምክንያት ይኸው ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ስላለች ጉም አያጣትም። በክረምት ጠዋት ዓይናችን የሚያየው እንደተባዘተ ጥጥ ነው፤ ስልኩ ግን እጣቢ ያስመስለዋል። እኔ ይህን ሳላውቅ ጥፋቱ የስልኬ መስሎኝ አንድ ክረምት ሙሉ ጉም ሳላነሳ አልፏል፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

መፍትሄው ቀላል ነው። ስክሪኑ ላይ ውሻውን ነካ አድርጉት፤ በአብዛኞቹ ስልኮች ትንሽ የፀሐይ ምልክት ትመጣለች። ለጥቁር ወደ ታች፣ ለነጭና ለጉም ወደ ላይ ጎትቷት። ቁጥር የሚያሳይ ካሜራ ከሆነ ለጥቁሩ ከ-1፣ ለጉሙ ከ+1 ጀምሩ። ጨለማውን ማጨለም መጀመሪያ ግር ይላል፤ ሁለቱንም አንስታችሁ ብታስተያዩ ግን ወዲያው ይገባችኋል።

ድመቷ ደብዝዛ ትወጣለች

መጀመሪያ የደበዘዘውን ለዩ። ረከቦቱና ምንጣፉ ጥርት ብለው ድመቷ ብቻ ከደበዘዘች የተንቀሳቀሰችው እሷ ናት። ሁሉም ከደበዘዘ እጃችሁ ነው፤ ክንዳችሁን ጉልበታችሁ ላይ አስደግፉ።

የድመቷ ከሆነ ምክንያቱ የብርሃን ማነስ ነው። በአምፖል ብርሃን ካሜራው በቂ ብርሃን ለመሰብሰብ ሹተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን መዝጊያ፣ እስከ 1/15 ሰከንድ ክፍት ሊያቆየው ይችላል፤ እሷ እስከዚያ አንገቷን አዙራለች። ወደ በሩ ወይም ወደ መስኮቱ አስጠጓት። ስልኩ ፕሮ የሚል ምርጫ ካለው ሹተሩን 1/250 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ አድርጉት። ፍላሽ አታብሩባት። ከዓይኗ ጀርባ እንደ መስታወት የሚመልስ ንብርብር ስላለ ዓይኗ አረንጓዴ ሆኖ ይበራል፤ እሷም ትደነግጣለች።

ለእኔ ምርጡ ጊዜ ቡና ሲፈላ ነው። ከሰሉ አጠገብ ከተኛች ከአቦል እስከ በረካ አትነሳም። ወለሉ ላይ ተቀመጡና ስልኩን ከዓይኗ እኩል ያዙት። አፍንጫዋ አለልክ ከገዘፈ በጣም ስለቀረባችሁ ነው፤ ራቅ ብላችሁ ዙሙን 2 ላይ አድርጉ።

ፎቁ ወደ ኋላ የወደቀ ይመስላል

ፒያሳ ላይ ከፎቅ ሥር ቆማችሁ ስልኩን ወደ ላይ ስታጋድሉት የላይኛው ክፍል ከታችኛው ይልቅ ይርቃል፤ የራቀ ነገር ያንሳል፤ ስለዚህ ግድግዳዎቹ ወደ ላይ ይጠባሉ። ስልኩ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ከካሜራው ማስተካከያ የፍርግርግ መስመሩን አብሩና የግድግዳውን ጠርዝ ከመስመሩ ጋር አስተያዩ። ጫፉ ከተቆረጠባችሁ ወደ ኋላ ራቁ። ደሴ ደግሞ ዳገቷ ይረዳችኋል፤ ወደ ላይኛው መንገድ ወጥታችሁ ከፎቁ ወገብ ትይዩ ቁሙ።

ሕንፃው ሕይወት የለውም፣ ቆርቆሮው ያብረቀርቃል

እኩለ ቀን ላይ ስላነሳችሁት ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጣራው ይነድዳል፣ ግድግዳው ይጨልማል። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን የአይጠየፍ አዳራሽ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ሞክሩት፤ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ የግድግዳው ጉርብጥብጥ ሁሉ ይወጣል። የማታውን ብርሃን እጠብቃለሁ ካላችሁ ቀደም በሉ። ጦሳ በምዕራብ ስላለ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ጥላው ከተማው ላይ ያርፋል።

ሁሉም ፎቶ ጭስ የለበሰ ይመስላል

ሌንሱ ላይ የጣት ቅባት አለ። በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ወይም በመነጽር መጥረጊያ ጥረጉት። ከውጭ ብርድ እንጀራ ወደሚጋገርበት ቤት ከገባችሁ ደግሞ እንፋሎት ይዞት ነው፤ ስልኩ እስኪሞቅ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ።