ወደ ጨሌና ዶቃ ሥራ ስትመለሱ የሚያጋጥሙ ችግሮች

የጨሌ ሳጥኔን ለሰባት ዓመት ያህል ሳልከፍተው ቆየሁ። ልጅ መጣ፣ ሥራ በዛ፣ ሳጥኑም ቁም ሳጥን ላይ ወጣ። ባለፈው ክረምት አውርጄ ለእህቴ ልጅ አምባር ሠራሁላት፤ በማግስቱ ተበጥሶ ጨሌው ምንጣፉ ላይ ተበተነ። "እጄ ረስቶታል" ብዬ አዘንኩ። ኋላ ሳየው ጥፋቱ የእጄ አልነበረም። እጅ የለመደውን ቶሎ ያስታውሳል፤ የሚያረጀው ዕቃው ነውና መጀመሪያ እሱን መርምሩ።

አምባሩ ይበጠሳል ወይም ይላላል

የላስቲክ ክር ተቀምጦም ያረጃል። አንድ ስንዝር ቆርጣችሁ ሳቡትና ልቀቁት፤ ወደ ልኩ ካልተመለሰ ወይም ጥቃቅን ስንጥቅ ካሳየ ጣሉት፣ አታዝኑለት። አዲሱንም ቢሆን ጨሌ ከመሰካታችሁ በፊት ደጋግማችሁ ሳቡት። ያለዚያ በእጅ ላይ ይረዝምና በጨሌዎቹ መካከል ክሩ ይታያል። ስትቋጥሩ የመጀመሪያውን ዙር ሁለቴ አሹልኩት፣ ከዚያ በላዩ ድገሙ። ሱፐር ግሉ አታስነኩት፤ ክሩን ያደርቀውና እዚያው ቋጠሮው ጥግ ይበጠሳል።

ክሩ አዲስ ሆኖ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ ግን ዶቃውን ጠርጥሩ። የናስ ዶቃ ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ብዙ ጊዜ ስለት አለው። የጥጥ ክር አሳልፋችሁ ወዲያ ወዲህ ጎትቱ፤ ክሩ ከተንጨባረረ ስለቱ ተገኘ ማለት ነው። የብርጭቆ ወረቀት እንደ ስንደዶ አቅጥናችሁ ጠቅልሉና ቀዳዳው ውስጥ አዙሩት፤ ከዚያ በዚያው በጥጥ ክር እንደገና ፈትሹ።

የጉትቻው ማያያዣ ቀለበት ይከፈታል

ግራና ቀኝ ስባችሁ ስለከፈታችሁት ክብነቱን አጥቷል። በሁለት ፒንሳ ይዛችሁ አንዱን ጫፍ ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ ጠምዝዙ፤ ስትዘጉትም በዚያው መንገድ መልሱት።

ጆሮ ያሳክካል

አብዛኛውን ጊዜ መንጠቆው ውስጥ ያለው ኒኬል ነው። በቲታኒየም ቀይሩት። ቆዳ አረንጓዴ መሆኑ ግን ሌላ ነገር ነው፤ መዳብ ከላብ ጋር ሲገናኝ የሚያመጣው ነውና ታጥቦ ይለቃል።

ብሩ ጠቁሯል

አየር ውስጥ ያለ የድኝ ውህድ ብሩ ላይ የፈጠረው ሽፋን ነው። ብዙ የድሮ መስቀል የተሠራው ማርትሬዛ የሚባለው የድሮ የብር ገንዘብ ቀልጦ ነው፤ ማርትሬዛ ደግሞ ከ1000 እጅ ብሩ 833ቱ ብቻ ነው፣ የቀረው መዳብ ስለሆነ 925 ከሚባለው (ከ1000 እጅ 925ቱ ብር ከሆነው) ይልቅ ቶሎ ይጠቁራል። ሳህን ላይ አልሙኒየም ፎይል አንጥፉ፣ ብሩን ፎይሉን አስነክታችሁ አስቀምጡ፣ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሳችሁ የፈላ ውኃ አፍስሱበት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አለቅልቃችሁ አድርቁ። ድንጋይ ወይም ክር ያለበትን ግን አትንከሩ። የአያት መስቀልም ከሆነ በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ጥረጉት፤ ቅርጹ ውስጥ የተኛው ጥቁረት ነው ሐረጉን የሚያሳየው፣ እሱ ከተወገደ መስቀሉ ፊቱን ያጣል።

የወሎው ኦፓል ቀለሙ ጠፋ

ይህ ነው በጣም ያስደነገጠኝ። ከደላንታ፣ ከወገል ጤና አካባቢ የሚወጣውን ኦፓል የተባለ የከበረ ድንጋይ በውኃ ሳጥበው እንደ ብርጭቆ ጠራና ያ ሁሉ እሳት የመሰለ ቀለም ከውስጡ ጠፋ። ድንጋዩ ግን አልተበላሸም። ውስጡ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ስለሆነ ውኃ ይጠጣል። ንጹሕ ጨርቅ ላይ፣ ጥላ ውስጥ ተዉት። ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ የፀጉር ማድረቂያም አታስጠጉት፤ በድንገት ከደረቀ ይሰነጠቃል። የሚፈራው ውኃው ሳይሆን ዘይት፣ ሽቶና እርድ ነው፤ እነዚህ ከገቡ ለማውጣት ያስቸግራሉ። ስለዚህ ኦፓሉን የሥራው መጨረሻ ላይ ስኩት፣ ወጥ ስትሠሩም ቀለበቱን አውልቁ።

ሲደርቅ መጀመሪያ እንደ አጓት ይደፈርሳል፣ አትደንግጡ። የእኔው በአራተኛው ቀን ከጠርዙ ጀምሮ አረንጓዴው ተመለሰ፣ ቀዩ በማግስቱ ተከተለ።