ደሴ ላይ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ዕድሜን እንዴት ማራዘም ይቻላል

የመጀመሪያው ማሽኔ የሠራው አራት ዓመት ብቻ ነው። ከፊት የሚከፈት፣ 7 ኪሎ የሚይዝ ነበር። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ሲጨምቅ አውሮፕላን የሚነሳ ይመስል ነበር። ልብሱን እስካጠበልኝ ድረስ ብዬ ዝም አልኩት። በኋላ ባለሙያ ጠርቼ ሲፈታው፣ ልብሱ ከሚሽከረከርበት ድራም ጀርባ እንደ ሊጥ የወፈረ ግራጫ ዝቃጭ ተለጥፎ አየሁ።

«እናቴ፣ ምን ያህል ሳሙና ነው የሚጨምሩበት?» አለኝ።

«አንድ ኩባያ» አልኩት።

ድራሙን የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ ዝጎ አልቋል። ድራሙን ከኋላ የሚይዘው ባለ ሦስት ክንድ ብረትም ተበልቷል። ማሽኑ አልዳነም። ሁለተኛው ማሽኔ አሁን ሰባተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ድምፁም አልተቀየረም። በመካከሉ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ማስቀመጥ

አዲስ ከሆነ ከጀርባው ያሉትን የማጓጓዣ ብሎኖች ፍቱ። ብዙውን ጊዜ አራት ናቸው። ግን አትጣሏቸው። ቤት ስትቀይሩ መልሳችሁ ታስሯቸዋላችሁ። ያለ ብሎን ተጭኖ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ማሽን፣ ድራሙ ሲናወጥ ሞላዎቹ ሊጎዱ ይችላሉ።

እግሮቹን በውሃ ልክ አስተካክሉ። ጥግ ጥጉን በእጃችሁ ስትጫኑት ንቅንቅ ማለት የለበትም። ከሥሩ ጣውላ ወይም ካርቶን አታድርጉ።

መብራት

ውሃ ሲያሞቅ 2,000 ዋት አካባቢ ይስባል። ስለዚህ ምጣድ ከተሰካበት ዲቫይደር ጋር አታጋሩት። ኧርዝ ያለው የራሱ የግድግዳ ሶኬት ይኑረው። እያጠበ መብራት ከሄደ ወዲያው ንቀሉት። ሲመለስም አስር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ቆዩ። መብራት እንደመጣ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል፤ የማሽኑን ኤሌክትሮኒክ ቦርድ የሚያቃጥለውም እሱ ነው። ስታብላይዘር የምትገዙ ከሆነ ለፍሪጅ የሚሸጠውን ትንሹን አትውሰዱ፣ አይችለውም። እኔ 5,000 ቪኤ የሆነውን ነው የያዝኩት። ዋጋው ያማል፣ ግን ከቦርድ ይረክሳል።

ውሃ

ውሃ ሁለት ሦስት ቀን ጠፍቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደው ደፍራሽ ነው። ዝገትና ደለል ይዞ ይመጣል። በዚያ ውሃ አትጠቡ። ጥርት እስኪል በባልዲ ቅዱት፤ ለወለል ይሆናል። ከማሽኑ ጀርባ፣ ውሃ የሚያስገባው ጎማ የሚታሰርበት ቦታ ላይ ትንሽ ወንፊት አለች። በየሁለት ወሩ ቧንቧውን ዘግታችሁ፣ ወንፊቷን በፒንሳ ስባችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቧት። ማሽኑ ውሃ ሲያስገባ ከዘገየ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው።

ከሮቶ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ከፍታውን አስቡ። ሮቶው ከማሽኑ 10 ሜትር ከፍ ቢል የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ገደማ ነው። 3 ሜትር ከሆነ 0.3 ባር ብቻ። መመሪያው ላይ ማሽኑ የሚፈልገው ዝቅተኛ ግፊት ተጽፏል፤ አስተያዩት። ካልደረሰ ትንሽ ፓምፕ ያስፈልጋል።

ሳሙና

እዚህ ላይ ታገሱኝ። ማሽኔን ያጣሁት በዚህ ነው።

እኛ ሳሙናን በአረፋው ነው የምንለካው። አረፋ ካልሞላ የታጠበ አይመስለንም። ለእጅ የሚሠራው ኦሞ አረፋው የሚበዛውም ለዚህ ነው፤ ሳፋ ውስጥ ስናሽ ደስ ይለናል። ከፊት የሚከፈት ማሽን ግን የሚያጥበው ልብሱን ወደ ላይ አንስቶ ውሃው ላይ በመጣል ነው። አረፋ ሲሞላ ልብሱ እንደ ፍራሽ ላይ እንደወደቀ ይሆናል። እድፉም አይለቅም። እኛ ደግሞ ልብሱ አልጠራም ብለን በሚቀጥለው ጊዜ ሳሙና እንጨምራለን።

የተረፈው ሳሙና በሁለት ሦስት ማለቅለቅ አይወጣም። ከድራሙ ጀርባ፣ ዓይን የማያየው ቦታ ላይ ይቀመጣል። ከክር ብናኝና ከሰውነት ቅባት ጋር ተጣብቆ ይጋገራል። ሁልጊዜ እርጥብ ስለሆነ ይሸታል፤ ብረቱንም ይበላል። ውሃ ወደ ኩሽኔታው እንዳይገባ የሚከለክለው ጎማ በዚህ መሃል ይጎዳል። ውሃ አንዴ ኩሽኔታ ውስጥ ከገባ ያ የአውሮፕላን ድምፅ ይጀምራል።

ደሴ ላይ ብርዱም ይጨመርበታል። በሐምሌና በጥቅምት ጠዋት የቧንቧው ውሃ እጅ ያደነዝዛል። ዱቄት ሳሙና በእንዲህ ያለ ውሃ ቶሎ አይሟሟም። መሳቢያው ውስጥ እንደ ጠጠር ሆኖ ይቀራል፣ ጥቁር ልብስ ላይም ነጭ ነጭ ይላል። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ይህን አታውቀውም። እዚያ ሞቃት ነው፤ በቀዝቃዛ ፕሮግራም ታጥባለች፣ ይሟሟላታል። እኔ ግን ከ30 ዲግሪ በታች አላጥብም። ፈሳሽ ሳሙና ከገዛሁ ብቻ ነው በቀዝቃዛ የምሞክረው።

ስለዚህ ለአውቶማቲክ ማሽን የተሠራ፣ አረፋው አነስተኛ የሆነ ሳሙና ግዙ። ለሙሉ ማሽን ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ በጣም ለቆሸሸ ሦስት እጨምራለሁ። ሰኞ ገበያ በኪሎ እየተመዘነ የሚሸጠውን ልቅ ዱቄት ለእጅ እጥበት ብቻ ነው የምይዘው። ለየትኛው ዓይነት ማሽን እንደሆነ የሚነግረኝ ጽሑፍ የለውምና።

ማሽናችሁ ሳሙና መያዝ አለመያዙን ለማወቅ አንድ ቀላል ፈተና አለ። የታጠቡ ፎጣዎችን ያለ ምንም ሳሙና በ40 ዲግሪ እጠቡ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ በመስታወቱ እዩ። አረፋ ካለ፣ ያ የድሮ ሳሙና ነው። አረፋው እስኪጠፋ ደጋግሙት። እኔ ያገለገለውን ማሽን ከሰው ስገዛ እንዲሁ አደረግኩ። አራት ጊዜ ፈጀብኝ።

ልብስ መጨመር

ኪስ ፈትሹ። ሳንቲም፣ የፀጉር ሽቦ፣ ሚስማር። ከልብሱ በላይ መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ይኑር።

ጋቢ ለብቻው አይታጠብም። ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ሲጨመቅ በአንድ ጎን ይጠቀለላል፣ ማሽኑ ግድግዳ እስኪመታ ይዘላል። ሁለት ሦስት ፎጣ አብራችሁ ጨምሩ፤ መጭመቂያውንም በደቂቃ 800 ዙር ወይም ከዚያ በታች አድርጉት። ቡሉኮ ግን ማሽን ውስጥ አይግባ። ነጠላ ጥለቱ እንዳይተረተር በመረብ ከረጢት ይሁን።

ከታጠበ በኋላ

በሩንና የሳሙናውን መሳቢያ ክፍት ተዉት። የበሩን ጎማ እጥፋት በጨርቅ አድርቁ። ቧንቧውን ዝጉ። ከታች ያለውን ፊልተር በወር አንዴ ክፈቱ፤ ውሃ ስለሚፈስ ዝርግ ትሪ አስቀምጡለት።

በወር አንዴ ባዶውን በ60 ዲግሪ አስነሱት። የሻይ ጀበናችሁ ውስጡ ነጭ ቅርፊት የሚይዝ ከሆነ፣ የማሽኑ ማሞቂያም ይይዛል። ያኔ 100 ግራም ያህል ሲትሪክ አሲድ ድራሙ ውስጥ ጨምሩ። አቼቶ የሚመክሩ አሉ፤ ቶሎ ቶሎ ከሆነ ጎማውን ያደርቃል ብዬ ትቼዋለሁ። አሲድም ሆነ አቼቶ ከበረኪና ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል። የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። 95 ዲግሪ የሚለውን ፕሮግራም ደግሞ ደሴ ላይ እርሱት። ከተማችን ከባሕር ጠለል ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ማሞቂያው የማይደርስበትን ነገር በከንቱ ያሳድዳል።

ድምፅ ሲለወጥ

ሦስት ወር አትጠብቁ። ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉ፣ በሩን ክፈቱ፣ የድራሙን የላይኛውን ከንፈር ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ግፉ። ከውጭው በርሜል ጋር አብሮ ከተንቀሳቀሰ ደህና ነው። ድራሙ ለብቻው ቀጭ ቀጭ ካለ ኩሽኔታው ሄዷል። ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ አታስነሱት። ባለሙያ ስትጠሩም ከመፍታቱ በፊት አንድ ነገር ጠይቁት፦ የዚህ ማሽን በርሜል በብሎን የታሰረ ነው ወይስ የተጣበቀ? በብሎን ከሆነ ኩሽኔታና ጎማ ቀይሮ ይመልስላችኋል። የተጣበቀ ከሆነ መቁረጥ አለበት። የእኔ የተጣበቀ ነበር።